ኒልሶን የማን ልጅ ነው? በአንድ የስዊድን ስም ላይ የተካሄደ ክርክር

መነሻ ጽሑፍ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተካሄደውን ይህን የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈተው በስዊድን በማልሞ ከተማ የሚኖር የመድረኩ አባል ነው። በሚኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ ነዋሪዎቹ በየፎቃቸው በቤተሰብ ስም ብቻ የተዘረዘሩበት ሰሌዳ አለ። ኒልሶን የሚለው ስም በሦስት የተለያዩ ፎቆች ላይ ተጽፎ ስላየ ሦስቱም የአንድ አባት ልጆች ይሆናሉ ብሎ ገመተ። አንደኛውን ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፣ ደረጃው ላይ አግኝቶ ስለ ወንድሞቻቸው ቢጠይቃቸው ግን ከሌሎቹ ሁለት ቤቶች ጋር ቅንጣት ዝምድና እንደሌላቸው፣ የገዛ አባታቸውም ኒልስ ሳይሆን ኦከ ይባሉ እንደ ነበር ነገሩት። ጠያቂው ይህን ካተተ በኋላ፣ ስዊድኖችም እንደ እኛ በአባታቸው ስም የሚጠሩ ሕዝብ ናቸው ሲባል ሲሰማ መኖሩን ጠቅሶ ሁለት ነገር ጠየቀ። አንደኛው ኒልስ የሚለው ስም ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ የእኚህ ሰው አባት ካልሆነ ኒልስ የተባለው ሰው ማን እንደ ነበረ ነው።

ጥያቄው የአንድ አንቀጽ መልስ የሚበቃው ይመስል ነበር፤ ሃያ ሦስት መልስ ፈጀ። ቅደም ተከተሉን ጠብቄ የእያንዳንዱን ሐሳብ ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በኡፕሳላ ከተማ የቋንቋ ትምህርት ያጠና ሰው ነው። ጠያቂውን በአክብሮት ሰላም ብሎ፣ ስሙ ኒልስ እና ሶን ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ መሆኑን አስረዳ። ኒልስ ኒቆላዎስ የሚለው ስም በስዊድኖች አፍ አጥሮ የቀረበት መልክ ነው፤ ሶን ወንድ ልጅ ማለት ነው። ለሴት ልጅ ዶተር የሚል ሌላ ቃል ስላለ፣ በጥንቱ ሥርዓት የኒልስ ወንድ ልጅ ኒልሶን ሲባል እህቱ ኒልስዶተር ትባል ነበር። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመካከሉ ከሚታዩት ሁለት ኤሶች አንደኛው አገናዛቢ እንደ ሆነ፣ በአማርኛ የኒልስ ልጅ ስንል የ የሚለው ፊደል የሚሠራውን ሥራ እንደሚሠራም ጨመረ።

መልስ 2

ሁለተኛው መላሽ በጠቅላላው ተስማምቶ በመጨረሻው ነጥብ ላይ እርማት አቀረበ። ካርልሶን በሚለው ስም ውስጥ የካርል ልጅ ለማለት በመካከል አገናዛቢ ኤስ ይገባል፤ ኒልስ ግን ስሙ ራሱ በኤስ ስለሚያበቃ ሌላ አይጨመርበትም። ስለዚህ ከሁለቱ ኤሶች አንዱ የአባትየው ስም መጨረሻ፣ ሌላው የሶን መጀመሪያ ነው። በፊደላችን መጥበቅ ስለማይጻፍ ይህ ልዩነት ለእኛ ዓይን አይታይም። ስዊድናዊን ከዴንማርካዊ ወይም ከኖርዌያዊ ለመለየት ግን የስሙ ጫፍ ይጠቅማል፤ የእነዚያ ስም በሰን ያበቃልና ኒልሰን ይባላሉ።

መልስ 3

አንድ አባል ስሙ ናይል ከሚለው የወንዝ ስም ሳይመጣ እንደማይቀር፣ የጥንት ነጋዴዎች ከዓባይ ዳር ይዘውት ወደ ሰሜን ሄደው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ማስረጃ አላቀረበም።

መልስ 4

የአራተኛው መላሽ ቃና ከቀደሙት ይከርራል። ዓባይን በሁሉ ነገር ላይ ካላፈሰስን የማንረካ ሰዎች መሆናችንን በምጸት ገልጾ፣ ስሙን ከወንዙ ጋር የሚያገናኘው ለጆሮ መቀራረቡ ብቻ ነው አለ። ቀጥሎ ግን ቁም ነገር ይዞ መጣ። የስሙ ምንጭ በትንሹ እስያ የሜራ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ በግሪክኛ ኒኬ ድል፣ ላኦስ ሕዝብ ነው። ይህ ቅዱስ የመርከበኞችና የነጋዴዎች ጠባቂ ተደርጎ ስለሚታይ በሰሜን አውሮፓ የወደብ ከተሞች ስሙ እጅግ ተወደደ። የሰሜን ሰዎች ደግሞ ረጅሙን ስም እንዳለ አልተሸከሙትም፤ ራሱን ይዘው ኒልስ አሉት፣ ጅራቱን ይዘው ክላስ አሉት። ስለዚህ ኒልሶን፣ ክላሶን እና ኒክላሶን የሚባሉ ሦስት ሰዎች በትውልድ ባይገናኙም በአንድ ቅዱስ ስም ይገናኛሉ።

መልስ 5

በስቶክሆልም የምትኖር አንዲት አባል ይህን ስታነብ እንደ ተደነቀች ገልጻ የሌሎቹን ስሞች ዝምድና ዘረዘረች። አንደርሶን የእንድርያስ ልጅ ነው፤ ፔርሶን እና ፔተርሶን የጴጥሮስ ልጆች ናቸው፤ ዮሐንስ የሚለው ስም ደግሞ እንደየአገሩ ዘዬ ተከፋፍሎ ዮሃንሶን፣ ያንሶን፣ ሃንሶን እንዲሁም በደቡብ ዮንሶን የሚባሉትን ሁሉ ወልዷል። ከክርስትና በፊት የነበሩ ስሞችም አልጠፉም። ኤሪክሶን እና ስቬንሶን የዚህ ወገን ናቸው፤ ስቬን በጥንቱ ቋንቋ ጎረምሳ፣ እንዲሁም በጌታ ቤት የሚያገለግል ብላቴና ማለት ነበር።

መልስ 6

ጠያቂው ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ ነገር ግን ዋናው ጥያቄው ገና እንዳልተነካ በጨዋነት አሳሰበ። ስሙ ከቅዱስ ኒቆላዎስ መምጣቱን ተቀብሏል። የኦከ ልጅ በኒልስ ስም የሚጠራበት ምክንያት ግን አልተገለጠለትም።

መልስ 7

ይህን የተቀበሉት በጡረታ ላይ የሚገኙ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ሌሎቹ አባላት በአንቱታ ነው የሚያናግሯቸው። ልማዱ በሕይወት በነበረበት ዘመን እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ሳይታወቅ መሞቱን መረዳት እንደማይቻል ጠቅሰው፣ ምሳሌያቸውን ከቤተ መንግሥት አመጡ። ከ1504 ጀምሮ በጥር 1512 እስኪሞት ድረስ ስዊድንን በእንደራሴነት ያስተዳደረው ስቫንተ ኒልሶን ይባል ነበር። ኒልሶን የተባለው አባቱ ኒልስ ስለ ሆነ ብቻ ነው። አባቱ ኒልስ ደግሞ የቡ ልጅ ስለ ሆነ ኒልስ ቡሶን ይባል ነበር፤ የስቫንተ ልጅ በተራው ስቴን ስቫንተሶን ሆነ። በሦስት ትውልድ ሦስት የተለያየ መጠሪያ ማለት ነው፤ ከእኛ አጠራር ጋር አንድ ነው። ዛሬ የታሪክ መጻሕፍት እነዚህን ሰዎች ስቱረ በሚል የቤተሰብ ስም ይጠሯቸዋል፤ ስቫንተ ራሱ ግን አልተጠቀመበትም። ስሙን አንሥቶ የለበሰው ልጁ ስቴን ነው፤ ያደረገውም ከእርሱ በፊት እንደራሴ የነበረውን የታላቁን ስቴን ስቱረን ዝና ለመውረስ ነበር።

መምህሩ ስለ ሴቶችም አንድ ነጥብ አከሉ። ከ1303 እስከ 1373 የኖረችው ቅድስት ቢርጊታ የቢርየር ፔርሶን ልጅ ስለ ነበረች ቢርየርስዶተር ተብላለች፤ ኡልፍ ጉድማርሶንን ካገባች በኋላም በአባቷ ስም ቀጠለች። ሚስት የባሏን ስም መያዟ በስዊድን ጥንታዊ ልማድ እንዳልሆነ፣ በገጠር በተለይ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ እንግዳ እንደ ነበረ አስረድተዋል።

መልስ 8

አንድ ችኩል አባል መልሱ አንድ መስመር እንደሚበቃው አስታውቆ፣ በ1901 የስዊድን መንግሥት የስም ደንብ አውጥቶ ሕዝቡን ሁሉ በአንድ ቀን የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ስላስገደደ የኦከ አያት የነበረው ስም በዚያው ደርቆ ቀርቷል አለ።

መልስ 9

ከዚህ ጀምሮ ክሩ ሞቀ። ዘጠነኛው መላሽ እንዲህ ያለው አነጋገር በየድረ ገጹ ስለ ተገለበጠ ብቻ እውነት እንደማይሆን በቁጣ ጻፈ። የ1901ዱ ደንብ ይበልጥ የተጨነቀው ለመኳንንትና ለከተሜዎች የቤተሰብ ስሞች ነበር፤ ማንም ተነሥቶ የሌላውን ቤት ስም እንዳይወስድ ለመጠበቅ የወጣ ነው። በአባት ስም የመጠራት ልማድ ከዚያ በፊት መሞት ጀምሯል፤ ከዚያም በኋላ በአንዳንድ ቦታ ሲያጣጥር ቆይቷል፤ ደንቡ ራሱም በ1963 በሌላ ሕግ ተተክቷል። በትእዛዝ ስም ያደረቀች አገር ካስፈለገ ዴንማርክ አለች፤ በ1828 ንጉሡ በጥምቀት ጊዜ ለልጁ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲሰጥ አዘዘ፣ ገበሬው ግን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ትእዛዙን ችላ አለ። መላሹ በዚህ ላይ ስለ ስምንተኛው መላሽ ችኩልነት የጨመረውን ዓረፍተ ነገር እዚህ መድገም አያስፈልግም። በፍሬ ነገሩ ግን ከእርሱ ጋር ነኝ። ሰው ስሙን እንዲቀይር ያደረገው የኑሮው መቀየር ነው፤ ደንቡ የመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

መልስ 10

ለጠያቂው ትክክለኛውን መልስ የሰጠችው የቤተሰብ ታሪክ በመፈለግ ብዙ ዓመት ያሳለፈች፣ በጎተንበርግ የምትኖር አባል ናት። ጽሑፏ ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ አንድም የሚጣል ቃል የለበትም።

በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ የሉተራውያን ቄሶች ምእመናንን በየቤቱ ንባብና የሃይማኖት ትምህርት እየፈተኑ እንዲመዘግቡ ያዝዛል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ አጥቢያ ትልልቅ መዛግብት አሉት፤ ለአንድ የእርሻ ቦታ አንድ ገጽ ወይም ከዚያ በላይ ይያዝለታል። በገጹ ላይ የቤቱ ሰዎች ከላይ ወደ ታች ይዘረዘራሉ፤ ወደ ጎን ደግሞ የተወለዱበት ቀንና አጥቢያ፣ ንባባቸው፣ ከየት እንደ መጡና ወዴት እንደ ሄዱ፣ በኋላ ዘመንም የፈንጣጣ ክትባት መውሰዳቸው ይጻፋል። አባላቱ ገጹን በዓይናቸው እንዲያዩት በማለት አንድ ቤት በምሳሌ አቀረበች። አባወራው ኒልስ ፔርሶን ነው፤ ሚስቱ ኤልና አንደርስዶተር ናት፤ ወንዱ ልጅ ፔር ኒልሶን፣ ሴቶቹ አና እና ቤንግታ ኒልስዶተር ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓይነት መጠሪያ አለ፤ ለሚያውቀው ሰው ግን ማን የማን እንደ ሆነ ወለል ብሎ ይታያል።

ይህ ፔር በ1870ዎቹ እርሻውን ትቶ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ማልሞ ሄደ እንበል ትላለች። በአገሩ ቢቀር ኖሮ ልጆቹ ፔርሶን እና ፔርስዶተር ይባሉ ነበር። በከተማ ግን አሠሪውም ቤት አከራዩም ትምህርት ቤቱም የሚያውቁት በኒልሶንነቱ ነው፤ የከተማ ሰው አባትና ልጅ በአንድ ስም ሲጠሩ ያያል፤ ይህም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ስለዚህ የፔር ልጅ ኒልሶን ሆኖ ይመዘገባል፤ ሴት ልጁም ዶተር የሚለው ቀርቶባት ኒልሶን ትሆናለች። በእርሻው የቀረ ወንድም ቢኖረው ደግሞ የእርሱ ልጆች በአባታቸው ስም ይጠራሉ። የአንድ አያት ልጆች በሁለት ስም ተለያዩ ማለት ነው። በሌላ አጥቢያ ያለ ሌላ ኒልስ ልጅም በዚያው ዓመት ወደ ማልሞ ገብቶ እንዲሁ ስሙን ቢያደርቅ ከእነዚህ ጋር በስም አንድ ይሆናል፤ በሥጋ ግን አይተዋወቁም።

በሰሌዳው ላይ ያሉት ሦስት ኒልሶኖች ጉዳይ ይህ እንደ ሆነ አስረዳች። የአዛውንቱ ኒልስ የአባታቸው አባት ወይም ከዚያ በላይ ያለ ሰው ነው፤ ስሙ ቆሞ የቀረው ልጁ ወይም የልጅ ልጁ በተቀመጠበት ከተማ ነው። በስዊድን ስም አንድ መሆኑ ዝምድናን፣ ስም መለያየቱም ባዕድነትን አያረጋግጥም። እነዚህ መዛግብት ዛሬ በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አማካይነት በኢንተርኔት በነፃ ይነበባሉ።

መልስ 11

ሙዚቃ ወዳድ የሆነ አባል አሥረኛዋን መላሽ አወድሶ ሁለት ታዋቂ የኦፔራ ዘፋኞችን ጎን ለጎን አቆመ። አቀማመጡ ይህን ያህል ያማረ ስለ ሆነ በዝርዝር አነሣዋለሁ። ክሪስቲና ኒልሶን በ1843 በስሞላንድ፣ ቬክሾ ከተማ አጠገብ ከድሀ ገበሬዎች ተወለደች፤ በ1883 በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ በሩን ሲከፍት በመክፈቻው ምሽት ፋውስት በተባለው ኦፔራ የማርጋሪትን ሚና የዘፈነችው እርሷ ናት። አባቷ ዮናስ ኒልሶን፣ እናቷ ካይሳ ሞንስዶተር ይባሉ ነበር። በሥርዓቱ መሠረት መጠሪያዋ ዮናስዶተር ነበር፤ ዓለም ያወቃት ግን በአባቷ መጠሪያ፣ ማለትም በአያቷ ስም ነው።

ቢርጊት ኒልሶን ደግሞ በ1918 ማልሞ በምትገኝበት በስኮነ አውራጃ፣ ቬስትራ ካሩፕ በሚባል ቦታ ባለ እርሻ ተወለደች። ስትወለድ የቤተሰቧ ስም ስቬንሶን ነበር፤ አባቷም ኒልስ ስቬንሶን ናቸው። ታዋቂ የሆነችበት ስም ኒልሶን በትክክል የአባቷን ስም ያዘ፤ ያውም ከ1901ዱ ደንብ አሥራ ሰባት ዓመት ዘግይታ ተወልዳ። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዘመን የተወለደችው በደረቀ ስም፣ በ20ኛው የተወለደችው በሕያው ስም ተጠርታለች ሲል አባሉ ደመደመ። ዘጠነኛው መላሽ ይህን አይቶ ደስታውን ሳይደብቅ ወደ ስምንተኛው መላሽ ጣቱን ቀሰረ። ስምንተኛው መላሽ ከዚያ በኋላ በክሩ ላይ አልታየም።

መልስ 12

ጨዋታው በዚህ ላይ ወደ ወታደሮች ዞረ። አሥራ ሁለተኛው መላሽ ንጉሥ ካርል 11ኛ በ1682 ያቋቋሙትን የጦር ሥርዓት አነሣ። በዚያ ሥርዓት ጥቂት እርሻዎች በአንድነት ሆነው አንድ ወታደር ያቆማሉ፤ ለእርሱም ጎጆና ቁራሽ መሬት ይሰጡታል። በአንድ የጦር ክፍል ውስጥ ብዙ ኒልስ ኒልሶኖች ሲሰለፉ ስም መጥራት ስላስቸገረ ለየወታደሩ አጭር ስም ይወጣለት ነበር፤ ራስክ ፈጣን፣ ሞዲግ ደፋር፣ ስቬርድ ሰይፍ ማለት ነው። መላሹ ይህን ከእኛ የፈረስ ስም ጋር አመሳሰለው።

መልስ 13

የታሪክ መምህሩ ማመሳሰሉን አልተቀበሉትም። አባ ዳኘው የሚባለው የፈረስ ስም የክብር መጠሪያ ነው፤ ለባለቤቱ ካልሆነ ለሌላ አይተርፍም። የስዊድኑ የወታደር ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጎጆውን ነው፤ አንዱ ራስክ ሲሞት ወይም ሲሰናበት የሚተካው ሰው ራስክ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ይህም ስም ዝምድናን አያሳይም፤ የወታደሩ ልጆችም ብዙ ጊዜ ወደ አባታቸው የመጀመሪያ ስም ተመልሰዋል።

መምህሩ በዚያው የቄሶቹን ወገን ጨመሩ። ዕፅዋትንና እንስሳትን በሁለት ስም የመጥራትን ሥርዓት ያቆመው ካርል ሊኔየስ በ1707 በስሞላንድ ሲወለድ አባቱ ኒልስ ይባሉ ነበር። አባትየው ኒልስ ኢንገማርሶን፣ አያትየው ኢንገማር ቤንግትሶን ናቸው። ኒልስ ቄስ ለመሆን ወደ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የተማሩ ሰዎች ልማድ የላቲን ስም ማውጣት ስለ ነበር፣ በቤተሰቡ መሬት ላይ ከቆመው ትልቅ የሊንድ ዛፍ ሊኔየስ የሚል ስም ወሰዱ። ያ ዛፍ ባይኖር ኖሮ የዕፅዋት ሳይንስ አባት ዛሬ ካርል ኒልሶን ተብለው ይጠሩ እንደ ነበር መምህሩ በፈገግታ የተጻፈ በሚመስል ዓረፍተ ነገር ቋጩት።

መልስ 14 እና 15

ከዚህ በኋላ እግር ኳስ መጣ፤ ሳይመጣ ቢቀር ነበር የሚገርመው። አንዱ፣ እንግሊዝን ያሠለጠነው ስቬን ዮራን ኤሪክሶን የኤሪክ ልጅ መሆን አለበት ሲል፣ ሌላው አባቱም ስቬን እንጂ ኤሪክ እንዳልነበሩ አረመው። ሁለተኛው በባርሴሎና የተጫወተውን ሄንሪክ ላርሶንን ጨመረ፤ አባቱ ከኬፕ ቨርዴ የመጡ ሮሻ የሚባሉ ሰው ሲሆኑ ላርሶን የእናቱ የቤተሰብ ስም ነው። በማልሞ የተወለደው ዝላታን ኢብራሂሞቪች ስምም ከነጥቡ አልራቀም፤ ኦቪች በቦስኒያ የእገሌ ልጅ የሚል ቅጥያ ነውና እርሱም የደረቀ የአባት ስም ተሸክሞ በስዊድን ሜዳ ሮጧል። ከዚያ ወዲያ የተጻፉት ሁለት ሦስት መስመሮች ስለ ዝላታን ጎሎች ስለ ሆኑ አልፌአቸዋለሁ።

መልስ 16

በሚኒሶታ የሚኖር አባል ክሩን ወደ ጉዳዩ መለሰው። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 1930 ድረስ 1.3 ሚሊዮን ያህል ስዊድናውያን፣ በአብዛኛው ወደ አሜሪካ፣ መሰደዳቸውን አስታውሶ፣ በእርሱ ሰፈር ኔልሰን ተብለው የሚጠሩት ብዙዎቹ በአያቶቻቸው ዘመን ኒልሶን እንደ ነበሩ ጻፈ። ስማቸውን የቀየሩባቸው በኒው ዮርክ ወደብ ስደተኞች ይመዘገቡበት በነበረው በኤሊስ ደሴት የነበሩ የአሜሪካ ሹማምንት ናቸው፤ መጻፍ ሲያቅታቸው የመሰላቸውን ይጽፉ ነበር አለ።

መልስ 17

ዘጠነኛው መላሽ እንደገና ተነሣ፤ ቁጣውም አልቀነሰም። ይህ አባባል ከስምንተኛው መልስ የባሰ ተረት እንደ ሆነ አስታወቀ። የኤሊስ ደሴት ጣቢያ የተከፈተው በ1892 ነው፤ እጅግ ብዙ ስዊድናውያን ከዚያ በፊት በቀድሞው የኒው ዮርክ መቀበያ ጣቢያ በካስል ጋርደን አልፈዋል። በደሴቱ የነበሩ ሠራተኞችም ስም አይፈጥሩም፤ የመርከቡ ኩባንያ መነሻ ወደብ ላይ ያዘጋጀውን የተሳፋሪዎች ዝርዝር ይዘው ያመሳክሩ ነበር። ኒልሶን ኔልሰን የሆነው ከደረሰ በኋላ፣ በአሠሪው አፍ፣ በልጆቹ ትምህርት ቤት፣ በዜግነት ወረቀቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ፈቃድ ነው። ሁሉም ኔልሰን ስዊድናዊ እንዳይመስለንም አስጠነቀቀ፤ በ1805 በትራፋልጋር የሞተው የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ስም ኒል ከሚለው፣ ምንጩ አይሪሽ ከሆነው ስም የመጣ ነው፤ ከኒቆላዎስ ጋር አይገናኝም። የሚኒሶታው ሰው ማብራሪያውን አመስግኖ፣ በትሕትና የተነገረ እውነት ግን ይበልጥ እንደሚጥም በአንዲት መስመር መለሰለት። ሰውየው ልክ ነው።

መልስ 18

በስቶክሆልም ልጅ ያሳደገ አንድ አባት የክሩን ነገር ወደ ቤታችን አመጣው። ወደ ስዊድን ሲገባ በወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ስም የአያቱ ስለ ነበር የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበለት። ልጁ ሲወለድ ያው ስም ለልጁ ተላለፈ። ስለዚህ ልጁ በአባቱ ስም አይጠራም፤ በቅድመ አያቱ ስም ነው የሚጠራው። የክፍል ጓደኞቹም አባቱን በዚያው ስም አቶ ብለው ይጠሩታል፤ እርሱ ደግሞ አያቱን የሚጠሩ እየመሰለው ዘወር ብሎ ያያል። የአሥረኛዋን መላሽ ጽሑፍ ሲያነብ፣ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከእርሻ ወደ ማልሞ የገባው ያ ፔር እርሱ ራሱ መሆኑን እንደ ተገነዘበ ጻፈ።

መልስ 19

አንዲት የሕግ ባለሙያ የሆነች አባል የአሁኑን ሕግ በአጭሩ አስረዳች። የሕዝብ ምዝገባ እስከ 1991 በስዊድን ቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የግብር መሥሪያ ቤቱ ያካሂደዋል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራው የስም ሕግ መሠረት ከአባት ወይም ከእናት የመጀመሪያ ስም ላይ ሶን ወይም ዶተር ጨምሮ የቤተሰብ ስም ማውጣት፣ እንዲሁም ሁለት የቤተሰብ ስም አጣምሮ መያዝ ይቻላል። ቢያንስ 2000 ሰዎች የሚጠሩበትን ስም ደግሞ ማንም ሰው ሊወስደው ስለሚችል፣ ኒልስ የሚባል ዘመድ ያልነበረው ሰው ከፈለገ ነገ ኒልሶን ይሆናል።

መልስ 20 እና 21

ይህ የመጨረሻው ነጥብ አንዱን አባል አስቆጣው። በአባታችን ስም ላይ ሶን ለጥፈን ከመጠራት ስማችንን ጨርሶ ብንተው ይሻላል፤ ማንነታችንን የምንሸጠው በገዛ እጃችን ነው ሲል ጻፈ። የታሪክ መምህሩ መለሱለት። ስዊድናዊው ገበሬም ልጁ የገዛ አባቱን ስም ትቶ የአያቱን መያዙን ሲያይ ግር ይለው እንደ ነበር፣ ነገር ግን ልጁን ስሙ ሳይሆን አስተዳደጉ ከቤቱ ጋር እንዳቆራኘው ገለጹ። ልጁ በቤት የአባቱን ስም አስከትሎ ቢጠራ፣ በወረቀት ላይ የተመዘገበው ቢኖር አንዱ ሌላውን እንደማይሽረው፣ በስዊድን መዛግብትም አንድ ሰው በሁለት መጠሪያ የተጻፈባቸው ገጾች ብዙ መሆናቸውን አከሉ። ተቆጪው አልተስማማም፤ ግን አንቱታውን ሳይተው በጨዋነት ተሰናበተ።

መልስ 22

ጠያቂው ለጥያቄው መልስ ማግኘቱን አረጋግጦ አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቀ። ጎረቤቱ ይህን ክር ሲያጫውታቸው የትኛው ኒልስ እንደ ሆነ ለማወቅ ጓጉተዋል፤ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ይነገረው ዘንድ ለመነ።

መልስ 23

አሥረኛዋ መላሽ ናት የመለሰችው። ፍለጋው በስም እንደማይጀመር አጥብቃ ተናገረች። የሚያስፈልገው የአባታቸው የኦከ ትክክለኛ የልደት ቀንና የተወለዱበት አጥቢያ ነው። የሰዎች መዛግብት ለ70 ዓመት በምስጢር ስለሚጠበቁ የቅርቡን ዘመን አዛውንቱ ራሳቸው ከቤተሰብ ወረቀት ወይም ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጠይቀው ቢያሟሉት ይቀላል። ከዚያ በላይ ያለው በአጥቢያው መዝገብ ገጽ በገጽ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ገጽ ሰውየው ከየትኛው አጥቢያ እንደ መጣ ስለሚጽፍ ወደሚቀጥለው መዝገብ ይመራል። ልጁ ኒልሶን፣ አባቱም ኒልስ የሆነበት ገጽ ሲገኝ የሚፈለገው ሰው እርሱ ነው። ቀኑን ሳይዝ ስሙን ብቻ ይዞ ለሚገባ ሰው ግን፣ ስኮነ ውስጥ ባለ በአንድ አጥቢያ ብቻ እንኳ የትኛው የእርሱ እንደ ሆነ ሊለያቸው የማይችል ብዙ ኒልስ ኒልሶኖች እንደሚጠብቁት ነግራው፣ አዛውንቱ ቀኑን ሲያገኙ በግል መልእክት እንዲልክላት አድራሻዋን ሰጠችው።